የማይሞላው ጉድጓድ

የሾላ ሥር ሽንት ቤቶች አይሞሉም ነበር።

ሰዎቹ ይህን እንደ በረከት ነበር የሚያወሩት። እናቴን ልጠይቅ ከባሕር ዳር በሄድሁ ቁጥር አንዱ ጎረቤት መንገድ ላይ ይይዘኝና፣ «አገርነሽ፣ እናንተ ከተሜዎች ጉድጓዱ እየሞላባችሁ ትቸገራላችሁ አሉ። የእኛ ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ፣ ትናንት የተቆፈረ ነው የሚመስል!» ይለኛል። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም። የገባው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ሾላ ሥር ከባሕር ዳር ወጥቶ የጣናን ዳር ይዞ ለሄደ ሰው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ መንደር ነው። እዚያ ነው የተወለድሁት። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ልጆች ሳለን ሞቱ። እናቴ ወለተ ሥላሴ እዚያው ኖረች፤ ታላቅ ወንድሜ መርስዔ ኀዘንም ቀስሶ በሩፋኤል ጠበል አጥማቂ ሆነ። እኔ ቢያዝን የሚባል የፋብሪካ መካኒክ አግብቼ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ገባሁ፤ ራሴም ከሽመና ማሽን ፊት ቆሜ እንጀራዬን እበላለሁ። ወንድሜ ከቀሰሰ ጀምሮ እናቴ የገዛ ልጇን «አንቱ» ትለው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት መስቀሉን ሳትሳለም እህል አትቀምስም። እኔ ግን አብሬው ጭቃ አቡክቼ ያደግሁ ነኝና «አንቱ» ማለት አልሆነልኝም፤ «አያ» እለዋለሁ።

ጠበሉ የሚመነጨው ከተዳፋቱ ግርጌ፣ ከአሮጌው ሾላ ሥር ነው። መንደሩ የሚጠጣውም ከዚያው ነው። ከሾላው በላይ ያለው ደን ክልል ይባል ነበር። ክልሉ አይታረስም፣ ከብት አይታሰርበትም፣ ሬሳ አይቀበርበትም። ሽንቱ የመጣበት ሰው እንኳ ሱሪውን ጨብጦ ወደ ታች ይሮጣል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። ለምን ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ ሩፋኤል ይቆጣል። የመሬት አዋጁ መጥቶ ክልሉ የቤተ ክርስቲያን መሆኑ ቀረ፣ የሕዝብ ሆነ ሲባል እንኳ ሕዝቡ ሊነካው አልደፈረም።

በሰባ ስምንት መንደር ምሥረታ የሚባለው መጣ። ገመድና ችካል አስይዞ ያመጣው ካድሬው ጓድ ዓምዴ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ዓምደ ሚካኤል ነበር፤ ሚካኤልን ከአዲስ አበባ ሲነሣ እዚያው ጥሎት መጥቶ ነው። በየጉብታው ተበትኖ የኖረውን ገበሬ ጎጆህን አፍርስ፣ ባንድ መስመር ስፈር አለው። እርሻ ላይ ቤት አይሠራም ስለ ተባለ ደግሞ ያልታረሰው መሬት ተፈለገ። ያልታረሰው ክልሉ ብቻ ነበር።

ስብሰባው የተደረገ ዕለት እኔም ለጥየቃ ሄጄ ደርሻለሁ። ወንድሜ ጥምጥሙን አሳምሮ ተነሣ።

«ይህ የተቀደሰ ምድር ነው» አለ። «ከዚህ ላይ ሽንት ቤት ከተቆፈረ ጠበሉ ይረክሳል።»

ጓድ ዓምዴ ሳቀ። «አባ፣ ጠበላችን ኃይል አለው እያሉ አይደለም እንዴ የሚሰብኩት? እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የሰማሁት እሱን ነው። ኃይል ካለው ራሱን ይከላከላ!»

ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ። አምላኬ፣ ያን ዕለት «ከላይ የፈሰሰ ወደ ታች ይወርዳል» ብሎ ቢሆን ኖሮ! ይህን ካድሬም አያጣውም፤ እናቱ ቤት እያለ ጣሪያ ያፈስበት ነበር መቼም። ወንድሜ ግን የድጓ ሰው ነው፤ ስለ ቅድስና እንጂ ስለ ፍሳሽ መናገር ለማዕርጉ አልመሰለውም። ያኛውም ቅድስና ሲባል የሚሰማው ጭቆና ብቻ ነበር። ሁለቱ እንዲህ ሳይደማመጡ ዛፉ ተቆረጠ፣ ችካሉ ተተከለ፣ በየቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፈረ።

ቀዩ አፈር ሲያልቅ ቆፋሪዎቹ ጥቁር፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ አገኙ። ውሃ ሲደፉበት ሽው ብሎ ይገባል። ጓድ ዓምዴ በዚህ በጣም ደስ አለው። ሾላ ሥር ሞዴል መንደር ተባለ፤ ሌላ አውራጃ ያሉ ካድሬዎች ሳይቀሩ እየመጡ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። ሰው ሽንት ቤት ሊጎበኝ ከእንፍራንዝ ሲመጣ ያየሁት ያኔ ነው።

ከቀጣዩ ክረምት በኋላ የጠበሉ ጣዕም ተለወጠ። ጨው ጨው አለ፤ ማለዳ ሲቀዳ ደግሞ ስም የማይሰጡት ሽታ ነበረው። «ኃይል ጨመረ» አሉ ሴቶቹ። እዚህ ላይ ጠበል ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ጠበል የጠጣ ሰው ሆዱ ሲላወስ፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ በሽታው እየወጣለት ነው ይባላል። ምንም ያልሆነው ሰው ነው የሚያዝነው፤ «ለእኔስ አልሠራልኝም» ይላል። እንግዲህ ያን ዓመት የሩፋኤል ጠበል ያልሠራለት ሰው አልነበረም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ወጣላቸው። ከሕፃናቱ ከፊሎቹ ነፍሳቸውም አብሮ ወጣ። የሕፃን ሞት ደግሞ በአገራችን ብዙ አያነጋግርም።

በሰማንያ ጓድ ዓምዴ ሲሚንቶ አስጭኖ ተመለሰ። ጠበሉን ካላረከስሁ ያለው ሰውዬ አሁን በመርከሱ የሚያምነው እሱ ብቻ ሆነ።

«ውሃው ተበክሏል። የጤና ሰዎች አረጋግጠውልኛል» አለ። «ዛሬውኑ ይደፈናል።»

አካሉ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። «መልካም። ሽንት ቤቶቹንስ ወዴት ያደርጓቸዋል?»

«ሽንት ቤቶቹ ምን አደረጉ? ሞዴል ናቸው እኮ! ተሸልመንባቸዋል!»

ይህን ጊዜ ወንድሜ መስቀሉን ይዞ ጠበሉ አፍ ላይ ቆመ። «ጠበል አይረክስም!» አለ። «ኃይል ካለው ራሱን ይከላከል ያልኸው አንተ ነህ። ይኸው ተከላከለ!»

ሴቱ እልል አለ። ወንዱ ዱላውን ይዞ ሾላውን ከበበ። ጓድ ዓምዴ ሲሚንቶውን ዝናብ ላይ ጥሎ ሄደ፤ እዚያው ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ወሬው አገር አዳረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ አሸናፊ ሆነ፤ ያሸነፈ ሰው ደግሞ ያሸነፈበትን ቃል መልሶ አይውጠውም።

በዓመቱ ለፍልሰታ እናቴ ሱባዔ ገባች። ሌላ በሽታ አልነበረባትም፤ ጉልበቷን ነው። አቀበት ስትወጣ ይቆረጥማታል፤ ለዚህ ብላ ጾሙን ሙሉ ከጠበሉ አጠገብ ጎጆ ውስጥ ተኝታ እየጠጣች ልትሰነብት ቃል ገባች።

ወሬ የደረሰኝ በቅዳሜ ገበያ ነው። ጌሾ ይዛ የመጣች የመንደራችን ሴት ከሩቅ ስታየኝ ፊቷ በራ። «አገርነሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እናትሽን ጠበሉ አጥብቆ ይዟቸዋል። ሌት ተቀን እየወጣላቸው ነው።»

የያዝሁትን ሽንኩርት እዚያው ጥዬ ሄድሁ። ቢያዝን ሁለት ጓደኞቹን ለምኖ ቃሬዛ አስይዞ ተከተለኝ።

እናቴን ጎጆዋ ውስጥ አላወቅኋትም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። የእጇን ቆዳ ይዤ ብለቀው እንደ ተቆነጠረ ቀረ።

«እምዬ፣ ተነሺ። ሐኪም ቤት እንሂድ። ሰዎች ይዣለሁ።»

«ሱባዔዬን አቋርጬ?» አለች። ድምፅዋ ከደረቷ አልወጣ አላት። «ቃል ገብቻለሁ እኮ፣ አገሬ።»

«እየሞትሽ ነው!»

«እየወጣልኝ ነው። ጉልበቴ እንኳ ቀሎኛል።»

መቅለሉስ እውነት ነበር። ከአልጋው ላይ ቀና ሳደርጋት ሰውነቷ እንደ ባዶ ስልቻ ነበር።

ወንድሜ የማለዳውን ጠበል በቅል ይዞ ገባ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። «አያ፣ አንተን ትሰማለች። ከሱባዔሽ ፈትቼሻለሁ ብትላት ተነሥታ ትሄዳለች። አንድ ቃል ነው፣ በላት!»

እናቴ አየችው። ውሳኔው የሱ እንደ ሆነ እሷም አውቃለች። «አንቱ ካሉኝማ እሄዳለሁ» አለችው።

ቅሉን ሰጣት። «ጾሙ ሲፈታ ትሄጃለሽ፣ እናቴ» አላት። ስትጠጣ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ያን ጊዜ ሐዘን መስሎኝ ነበር።

ለፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ ሞተች። ቃሬዛው ከጎጆው ደጃፍ ተጋድሞ እንደ ነበረ ነው ለሬሳዋ የተነሣው። ለቀስተኛው ሁሉ ያጽናናኛል፤ «ነጽታ ሄደች፤ እንዲህ ያለ ሞት የሚታደለው ማን ነው?» ይለኛል። የሚያጽናኑኝን ሰዎች እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም።

ለሐዘኑ ወንድሜ ቤት ሰነበትሁ። አንድ ማለዳ ጠምቶኝ ከእንስራው ቀድቼ ስጠጣ አፌን ደለል ሞላው። እትፍ ስል የደንገል ጭራሮ መዳፌ ላይ ወደቀ። ደንገል ከሾላ ሥር አይበቅልም፤ የሚበቅለው ሐይቁ ዳር ነው። ክረምት ላይ እንዲህ አፈር አፈር የሚለውም የሐይቁ ውሃ ነው።

የወንድሜ ሚስት እናትዓለም ጀሪካን አዝላ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርሶ ስትገባ ደጃፉ ላይ ገጠምኋት።

«ጠበሉ ከደጃፋችሁ ሆኖ ከሐይቅ ትቀጃለሽ?»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ለልጆቹ ነው፣ እቴ። መምሬ ናቸው ያዘዙኝ። ሰው ሳይነቃ ሂጂ ይሉኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዐምና» አለችና አለቀሰች።

ወንድሜን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አገኘሁት። ዳዊቱን አጠፈ። ፊቴን ሲያይ ምን እንዳገኘሁ ገብቶታል።

«ታውቅ ነበር» አልሁት።

«አውቅ ነበር። አደይ በታመመች ጊዜ አወቅሁ። ከሐይቅ አስቀዳሁላትና ዳነች።» አደይ ትንሿ ልጁ ናት።

«እምዬንስ?»

«ለእናታችን ብነግራት ለመንደሩ ትነግራለች። ሐሰት አይሆንላትም፤ ታውቂያታለሽ። መንደሩ ከሰማ ያ ሰውዬ ሲሚንቶውን ይዞ ይመጣል። ዛሬ ጠበሉን ከዘጋ ነገ ቤተ ክርስቲያኑን ነው የሚዘጋው።»

እንዲህ ነው ያለኝ። እናቴ የሞተችው ውሸት ስለማታውቅ ነው። ውሸታም ብትሆን ኖሮ የሐይቅ ውሃ ትጠጣ ነበር።

«ሲሚንቶ ፈርተህ እናትህን ሰጠሃት» አልሁት።

«ለእግዚአብሔር ነው የሰጠኋት።»

በጥፊ ልለው እጄን አነሣሁ። ካህን ነው ብዬ መለስሁት። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

«ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ንግሥ ነው» አልሁት። «አገር ይሰበሰባል። ተነሥተህ ተናገር፤ ሽንት ቤቶቹ ከክልሉ ይነሡ በል። አንተ ካልኸው ሰዉ በአንድ ቀን ይደፍናቸዋል፤ ዓምዴም አያቆመውም። ካልተናገርህ እኔ እናገራለሁ።»

ወንድሜ ቁጣ ያለበት ሰው አልነበረም። ያን ዕለትም አልተቆጣኝም። «የሚሰማሽ የለም፣ አገሬ» አለኝ።

ጳጉሜን ሦስት ሲነጋ ጀምሮ ዘነበ። የሩፋኤል ዕለት ዝናቡም ጠበል ነውና ሰዉ ራሱን ገልጦ ቆሞ ይመታል። ከመንደሩ ከላይ፣ ከቤቶቹ ጀርባ፣ ጎርፉ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ሾላው ሥር ቢዶን የያዘው፣ ጀሪካን የያዘው፣ ቅል የያዘው ተሰልፏል። ወንድሜ ካባውን ለብሶ እየቀዳ ያጠጣል። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ስብከቱ አለቀ፤ አልተናገረም። እናትዓለም ልጆቿን ይዛ ከዳር ቆማለች። አንዳቸውም ተራ አልገቡም።

ከፊቴ የነበረች ልጅ እግር ሴት ያዘለችውን ሕፃን ወደ ደረቷ አዞረችና አፉን ከፈተችለት። ወንድሜ ቅሉን አስጠጋ።

ቅሉን ከእጁ መታሁት። ውሃው ልብሱ ላይ ፈሰሰ።

«አታጠጪው!» ብዬ ጮኽሁ። «ሽንት ቤታችሁ ነው! አይሞላም የምትሉት ጉድጓድ ወዴት የሚሄድ መሰላችሁ? እዚህ ነው! እናቴን የገደላት ይኸው ነው! ጠይቁት፣ እሱ ልጆቹን የሚያጠጣው የሐይቅ ውሃ ነው!»

ከተሰለፉት ጥቂቶቹ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ለአንድ አፍታ የሰሙኝ መሰለኝ።

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት እልል አሉ። «ጮኸ! ሩፋኤል ያዘው! ጮኸ!»

ያን ጊዜ የገባሁበትን አወቅሁ። ጠበል ላይ የሚጮኽና ጠበል የሚደፋ ሰው፣ ሰው አይደለም፤ ያደረበት መንፈስ ነው። ስንቷን ሴት እንዲህ ይዘው ሲያጠምቁ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ምን ትል እንደ ነበር ግን የአንዷንም አላስታውስም።

ክንዴን ያዙኝ። ጎተቱኝና ጭቃው ላይ አንበረከኩኝ። እኔ «ልቀቁኝ» ባልሁ ቁጥር እልልታው ይጨምራል። እናትዓለምን ፈለግኋት፤ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባዋለች። ወንድሜ መስቀሉን ይዞ መጣና ከፊቴ ቆመ። ተያየን። እህቴን ተዉዋት፣ ሐዘንተኛ ናት ቢላቸው ይተዉኝ ነበር። ያም አንድ ቃል ነበር።

መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረገ።

«ስምህ ማን ነው?» አለኝ።

«አገርነሽ ነኝ።»

«ይዋሻል!» አለ ሕዝቡ።

«ስምህን ተናገር! ከየት ገባህባት?»

«አያ፣ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!»

ቅሉን ሞልቶ ቀዳ። አንዱ አገጬን ያዘ፣ ሌላው አፍንጫዬን። ጨው ጨው የሚለው ውሃ በጉሮሮዬ ወረደ። ወንድሜ ሁለተኛውን ቀዳ፣ ሦስተኛውንም ቀዳ። ሆዴ ሲያቅተው ሁሉንም እግሩ ላይ አስመለስሁት።

«ወጣ! ወጣ!» አለ ሕዝቡ። እልልታው ሐይቁ ማዶ የሚሰማ ነበር።

ቢያዝን መጥቶ በዚያ ለእናቴ ባመጣነው ቃሬዛ ወሰደኝ። ሆስፒታል ብዙ ተኛሁ፤ ዳንሁ። ሾላ ሥር ተመልሼ አልሄድሁም። ሽንት ቤቶቹ አሁንም አልሞሉም ይሉኛል።

በዓመቱ ገበያ ላይ ያችን ጌሾ ሻጭ አገኘኋት። ዘንድሮ ንግሡ ላይ መቆሚያ ጠፋ፣ ከቆላ ድባ ድረስ በታንኳ እየተጫነ ሕዝብ መጣ፣ አለችኝ። ሕፃናቱንም ሁሉ ይዘው ነበር የመጡት። የአጥማቂውን እህት ያዳነ ጠበል ነው ብለው።